አባቴ ላለመሞት ቃል የገባበት ቤት

«ቤት ለእንግዳ» የሚለው ሰላምታ የተፈጠረው የቤት ኪራይ ሳይፈጠር መሆን አለበት። ያኔ መንገደኛው ከደጅ ቆሞ «ቤት ለእንግዳ!» ሲል ከውስጥ «ይግቡ!» ይባል ነበር አሉ። ዛሬ ከደጅ ቆማችሁ ብትጣሩ ከውስጥ የሚመጣላችሁ ጥያቄ ነው። ስንት ናችሁ? ባለትዳር ናችሁ? ልጅ አላችሁ? ልብስ ቶሎ ቶሎ ታጥባላችሁ? እንግዳ ይበዛባችኋል? ማታስ በጊዜ ትገባላችሁ? ቅዱስ ጴጥሮስ የመንግሥተ ሰማያትን ቁልፍ ይዞ በር ላይ ሲቆም እንኳን ይህን ያህል የሚመረምር አይመስለኝም። ደግሞ እሱ የሦስት ወር ቅድሚያ አይጠይቅም።

አከራይን ልወቅስ አይደለም የተነሣሁት። ዕድሜውን ሙሉ ከአፉ እየቀነሰ ብሎኬት ላይ ብሎኬት የደረደረ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ፍርሃት የሌለበት ማን አለ? ልዩነቱ አከራይ ፍርሃቱን ጥያቄ አድርጎ ያወጣዋል፤ ተከራይ የራሱን ፍርሃት ውጦ «የለም፣ ችግር የለም» ይላል። እኔም ብዙ ጊዜ ውጫለሁ። ግን አንድ የማይዋጥ ነገር አጋጠመኝና እሱን ላጫውታችሁ።

ትዕግሥት እባላለሁ። ስሙን ያወጣልኝ አባቴ ነው፤ ቤት ፈላጊ እንደምሆን ቀድሞ ሳያውቅ አልቀረም። አርባ ምንጭ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነኝ፤ አላገባሁም፤ የምኖረውም በታችኛው ከተማ በሲቀላ፣ ከአንድ ሱቅ ጀርባ ባለች አንዲት ክፍል ነበር። አባቴ፣ መምህር አስናቀ፣ ከጎጃም በወጣትነቱ ጨንቻ አማርኛ እንዲያስተምር ተመደበ። «ለአንድ ዓመት ነው» ብሎ ወጣ፤ እዚያው ሸበተ። እናቴ የሸማኔ ልጅ፣ የዶርዜ ሰው ነበረች። አማርኛዋ ውስጥ ወንድና ሴት እንደልባቸው ቦታ ይለዋወጡ ነበር፤ አባቴን «አንቺ»፣ እኔን «አንተ»፣ በሬውን «ጠፋች»፣ ላሟን «መጣ» ትላለች። አባቴ ትዳራቸውን ሙሉ አረማት። እሷም ትዳራቸውን ሙሉ አልታረመችም። እሷ ካረፈች በኋላ ግን እቤቱ ውስጥ የሚታረም ሰው ጠፋ፤ አባቴም በዚያ ጉም በማይለየው ተራራ ላይ ዝም ብሎ ብቻውን ተቀመጠ።

ከዚያ ልቡን አመመው። የመረመረው ሐኪም ልጅ እግር ነው፤ «አባባ፣ ልብዎ ደክሟል። የጨንቻ ብርድና ከፍታው ለእርስዎ አይሆንም። ወደዚህ ወርደው ሆስፒታሉ አካባቢ ቢኖሩ ክትትሉም ይቀላል» አለው። ለደጋ ሰው «ቆላ ውረድ» ማለት ድሮ ግዞት ነበር፤ ቆላ ወባ ነው፣ ቆላ እባብ ነው። አባቴ ግን አልተከፋም። እንዲያውም የሐኪሙን ግስ ወደደለት። «‹ታሟል› አላለም፣ ሰማሽ?» አለኝ ስንወጣ። «‹ደክሟል› ነው ያለው። የደከመ ያርፋል፤ ሲያርፍ ይነሣል።»

የኔ ክፍል ለእኔም ይበቃል ማለት ያስቸግር ነበር። መጸዳጃው ከግቢው ማዶ ነው፣ በደረጃ ይወጣል፣ ተራም አለው። ስለዚህ ሁለት ክፍል ያለው፣ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ቅርብ የሆነ ቤት መፈለግ ነበረብኝ። በአርባ ምንጭ ይህን ሲሉ የሚላኩት ወደ ደላላ ነው። ወደ ማቴዎስም ተላክሁ።

ማቴዎስ ሲቀላ ባጃጆች ተራ ከሚይዙበት ጥግ አይጠፋም። አርባን ያለፈ፣ ፊቱ ሁልጊዜ የምሥራች የያዘ የሚመስል ሰው ነው። ሁለት ስልክ አለው፤ አንዱ ለአከራይ፣ አንዱ ለተከራይ። አብረው የጮሁ ቀን አንዱን በግራ አንዱን በቀኝ ጆሮው ይዞ «ሄሎ» ሲል፣ ሁለቱን ወገኖች በራሱ ጭንቅላት ውስጥ የሚያገናኛቸው ይመስላል። ቤት ሲያሳይ ነቀፋ የሚባል ነገር ከአፉ አይወጣም። ክፍሉ ጠባብ ከሆነ «ለማጽዳት ይቀላል» ነው። መስኮት ከሌለው «ለሲቀላ ሙቀት እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቤት የት ይገኛል?» ነው። ውሸታም እንዳትሉት የተናገረው ሁሉ እውነት አለበት፤ እውነተኛ እንዳትሉት ደግሞ ቤቱን አይታችሁታል።

መጀመሪያ የወሰደኝ ወደ ሴቻ ነው። ሴቻ ላይኛው ከተማ ስለሆነ ነፋስ አለው፤ ከበረንዳው ላይ ቡናማው አባያ በአንድ በኩል፣ ሰማያዊው ጫሞ በሌላ በኩል ይታያሉ። ባለቤቱ ከመንግሥት ሥራ በጡረታ የወጡ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ወደዱኝ። አባቴ መምህር እንደነበረ ስነግራቸው ጭራሽ ወንበር አቀረቡልኝ።

«ጡረተኛ ናቸው? ግሩም ነው። እኔም የምፈልገው ጨዋ፣ ጸጥ ያለ ሰው ነው። ጤናቸውስ?»

ማቴዎስ ከኋላቸው ሆኖ በራሱ፣ በእጁና በቅንድቡ ሳይቀር «አትናገሪ» አለኝ። እኔ ግን የመምህር ልጅ ነኝ፤ ለተጠየቀ መመለስ ነው ያደግሁበት። «ልቡ ትንሽ ደክሟል» አልኳቸው።

ሰውዬው ዞር ብለው ግቢያቸውን ከጫፍ ጫፍ አዩት። «ውይ!» አሉ ግንባራቸውን መታ መታ አድርገው፣ «ለካ ወንድሜ ከሐዋሳ ሊመጣ ነው፤ ቤቱን ለእሱ ብዬው ነበር።» ያ ወንድም የተወለደው በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

ቀጥሎ የሄድነው ወደ ሐጂ ሸምሱ ነው። ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ከመጋዘናቸው ጀርባ ያለው ቤት ለአባቴ ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው። እሳቸው ወንድም አልፈጠሩም። አስቀመጡኝና በግልጽ ነገሩኝ። «ልጄ፣ ከአንቺ በፊት የነበረው ተከራይ እዚህ ነው ያረፈው። መልካም ሰው ነበር። ድንኳን ተክለን፣ እኛው ቆመን ሸኘነው። ነገር ግን ባለቤቴ እስከ ዛሬ በዚያ በር አታልፍም፤ ልጆቹም ሲመሽ በዚያ በኩል ላለማለፍ ዞረው ነው የሚመጡት። ሁለተኛ አልችልም፤ ይቅር በይኝ።» ስወጣ ለአባቴ ብለው አንድ ትልቅ ዘለላ ሙዝ አስያዙኝ። ሙዙ ጣፋጭ ነበር። ቤቱ ግን አልተገኘም።

መንገድ ላይ ማቴዎስ ተቆጣኝ። «እህቴ፣ እኔ ላንቺ ብዬ ነው። አከራይ ልጅ ይፈራል፤ በወሬ አሳልፈዋለሁ። ላጤ ይፈራል፤ ‹እጮኛ አላት› ብዬ አሳልፈዋለሁ። ሞትን ግን በምን ወሬ ላሳልፍ? ድንኳን ይተከላል፣ ግቢው ይረገጣል፣ ከዚያ ‹ሰው የሞተበት ቤት› የሚል ስም ይወጣለታል። እኔም ሌላ ተከራይ አላገኝለትም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ምክሩን ለገሰኝ። መጀመሪያ ብቻዬን ልግባ። ትንሽ ቆይቶ አባቴ ለጥየቃ ይመጣል። ጥየቃው ይረዝማል። ማን የሰው አባት ያባርራል?

በጣም ተናደድሁ። ማታ ላይ ሳስበው ግን ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ። እኛ እኮ ለቅሶ የምናውቅ ሕዝብ ነን። ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩ አለ፣ ድስቱ አለ፤ ዕድሩ ጥሩንባ ነፍቶ ሥራ ፈት ባለሥራ ሳይል ሰፈሩን ያወጣዋል። ለሞተ ሰው ይህን ያህል እጅ የሚዘረጋ አገር የት ይገኛል? ቀባሪማ አላጣንም። ያጣነው ቀባሪው እስኪመጣ ድረስ የምንተኛበትን ክፍል ነው።

በማግሥቱ አባቴ ለሐኪም ቀጠሮው ከጨንቻ ወርዶ እኔ ዘንድ ነበር። ያለችኝን አንድ ወንበር ይዞ ተቀምጧል፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍሁ ስለነበር ማቴዎስ ሲደውል ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሰማ አድርጌ አነሣሁት። ማቴዎስ አባቴ መኖሩን በምን ያውቃል? «እህቴ፣ አንድ ቤት ተገኘ! ያንን ነገር ግን ለባለቤትየዋ እንዳትነግሪያት፤ ሽማግሌውን ቀስ ብለን በኋላ እናስገባቸዋለን!» አለ።

እጄ ከሽንኩርቱ ላይ ቆመ። አባቴ ቀስ ብሎ ተነሣ፣ ስልኩን ወሰደና «ሽማግሌው ነኝ» አለ። «ነገ ስንት ሰዓት ላይ ነው የምንሄደው?»

ባትሄድ ይሻላል፣ ያደክምሃል፣ ፀሐዩ ነው እያልሁ ብለምነው አልሰማኝም። «ከልጅነቴ ጀምሮ በሰው ቤት በር ከፍቼ እንጂ አጥር ዘልዬ ገብቼ አላውቅም። በስተርጅና ደግሞ እንደ ኮንትሮባንድ ተደብቄ ልግባ?» አለኝ። በነጋታው ሱፉን ለበሰ፣ ከራቫቱን አሰረ፣ ጃንጥላውን ያዘ። ባጃጅ ውስጥ ማቴዎስና እኔ ግራና ቀኝ፣ እሱ መሐል ሆነን ሄድን። ማቴዎስ መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ከዚያ በፊት ዝም ሲል አላየሁትም።

ቤቱ ሲቀላ ውስጥ ወደ ኩልፎ ወንዝ በሚወስደው በኩል ነው። ባለቤትየዋ እትዬ ቦጋለች ከባሏ ጋር ጫኖ ላይ ሙዝ አምርታ ኖራ፣ እዚህ ግቢ የሠራች የጋሞ ሴት ናት። ባሏ ሞቷል፤ ልጆቿ ሩቅ ከተማ ናቸው። ግቢው ሰፊ ነው፤ መሐሉ ላይ ትልቅ ማንጎ፣ በአጥሩ ዙሪያ ሙዝ፣ ጥግ ጥጉን የተደረደሩ የኪራይ ክፍሎች። የሚከራየው ቤት ከእሷው ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፤ ሁለት ክፍል፣ ደረጃ የሌለው፣ መጸዳጃው ቅርብ። እትዬ ቦጋለች ወገቧን ይዛ አባቴን ከባርኔጣው እስከ ጫማው አየችው። አንቱታ የሚባል ነገር ከአማርኛዋ ውስጥ የለም።

«አንቺ ነሽ የምትከራይ?»

ማቴዎስ ጉሮሮውን ጠረገ። እኔ ማንጎውን አየሁ።

«እኔና ልጄ ነን» አለ አባቴ።

«ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምታለከልኪ?»

«ሙቀቱ ነው እትዬ!» ብሎ ማቴዎስ ገባ። «የደጋ ሰው ናቸው፤ እስኪለምዱት ድረስ...»

«ሙቀቱ አይደለም» አለ አባቴ። «ልቤን ታምሜአለሁ።»

ያን ግስ ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። እትዬ ቦጋለችም አልተሽኮረመመችም።

«እና ከቤቴ ብትሞቺስ?»

«‹ብትሞትስ› ነው የሚባለው» አለ አባቴ። «‹ብትሞቺስ› ለሴት ነው።»

«እሺ። ብትሞትስ?»

«አሁን ልክ ነው።»

ማቴዎስ ባርኔጣውን አወለቀ፤ የቀብሩን ሥነ ሥርዓት ከአሁኑ የጀመረው መሰለኝ። አባቴ ግን ጃንጥላውን ተደግፎ እንደ ክፍል ውስጥ ንግግሩን ቀጠለ። «ይስሙኝ ወይዘሮ። ለመሞት ጨንቻ አለኝ። ሚስቴ እዚያ ናት ያለችው፤ ከጎኗ ቦታ ጠብቃልኛለች። ለሞቴ የሚሆን ቤት ከማንም አልለምንም። ከእርስዎ የምፈልገው ለመኖር ብቻ ነው።»

 እትዬ ቦጋለች ወደ ቤቱ በር ዞር ብላ አየችና «እሺ» አለች። «ከዚህ ቤት አይሞትም። መሞት ስትፈልግ ወደ ሀገርህ ትወጣለህ። ቃልህን ስጠኝ።» አባቴ እጁን ዘረጋ፤ ጨበጠችው። ማቴዎስ በደላላነቱ ስንቱን አጨባብጧል፤ ተከራይ ላለመሞት ሲዋዋል ግን ምስክር ሆኖ እንደማያውቅ በኋላ እየማለ ነግሮኛል።

ባጃጁ ውስጥ አባቴ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት። ሴትየዋ አስቀይማሃለች፣ ሌላ ቤት ብንፈልግ ይሻላል ልለው ነበር።

«አነጋገሯን ሰማሽ?» አለኝ።

«ሰማሁ፤ ይቅርታ አባዬ፣ ክፉ ሴት ናት።»

«እንደ እናትሽ ነው የምትናገረው» አለና ወደ ውጭ አየ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ቤት አላነሣሁም።

ገባን። የመጀመሪያው ጠዋት ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ ከግድግዳው ማዶ ድምፅ መጣ። «ጋሼ! አለሽ?»

አባቴ ራሱን ቀና አድርጎ «አለሁ! ደግሞም ‹አለህ› ነው!» ብሎ መለሰ። በማግሥቱም ያው። ከዚያም ያው። መዝሙሯን ሳትከፍት፣ ፊቷን ሳትታጠብ መጀመሪያ ስም ትጠራለች። እኔን ይህ ነገር ያናድደኝ ነበር። ውሉ መከበሩን ነው የምታረጋግጠው ብዬ ስለማስብ፣ የቤት ኪራይ የምትሰበስብ ሳይሆን ትንፋሽ የምትቆጥር ትመስለኝ ነበር። አባቴ ግን በሁለተኛው ሳምንት ገደማ እሷ ከመጥራቷ በፊት ነቅቶ፣ ትራሱን አስተካክሎ፣ ጥሪዋን መጠበቅ ጀመረ። አንድ ቀን አርፍዳ ስትነሣ «ምን ሆና ይሆን? እስኪ ሂጂ እያት» ብሎ ላከኝ። እንቅልፍ ጥሏት ነበር።

ቀን ቀን እኔ ሥራ ስሆን ሁለቱ ማንጎው ሥር ይቀመጣሉ። የሽፈራው ቅጠል እየቀነጠሰች፣ ከዱቄት ድብልብል ጋር ቀቅላ ኩርኩፋ ትሠራለታለች፤ ጨው የለበትም ብሎ ያማርራል፤ ሐኪሙ ነው የከለከለህ ትለዋለች። እሱ ኦርቶዶክስ፣ እሷ ጴንጤ፤ ጾም ሲገባ ይከራከራሉ፣ ሲፈታ ይከራከራሉ። ማረሙን መቼ እንዳቆመ በትክክል አላውቅም። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «ዶሮው እንቁላል ጣለ» ስትለው ሰማሁ። አባቴ፣ ተማሪዎቹ በቀይ እስክሪብቶው የሚያውቁት ሰው፣ «ጎሽ» አለ።

በጋው የከረረ ጊዜ አንድ ቀን ረፋድ ላይ ቢሮ ውስጥ ሳለሁ እትዬ ቦጋለች ደወለች። ስልክ ላይ እንደምትጮኸው አልጮኸችም። «ልጄ፣ ቶሎ ና» ብቻ አለችኝ።

ስደርስ አባቴ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል። ሱፉን ለብሷል፤ ከራቫቱን አስሯል። እግሩ አብጦ ጫማው እምቢ ስላለው በካልሲ ነው። በየሁለት ቃሉ መሐል ትንፋሽ ይለምናል። ጃንጥላውንም ይዟል።

«ወደ ሆስፒታል እንሂድ፣ አባዬ።»

«ወደ ጨንቻ» አለኝ። «መኪና... ጠርቻለሁ።»

የጠራው ማቴዎስን ነው። «ደላላ አይደለህ? ጨንቻ የሚያደርሰኝ መኪና ፈልግልኝ» ብሎት ኖሯል። ማቴዎስም ምን እንደሆነ ሳይጠይቅ፣ በዚያች ሰዓት ያገኘውን፣ ከጫሞ ዓሣ የምታመላልስ አንዲት ፒክአፕ ይዞ በሩ ላይ ደረሰ። የዓሣው ሽታ ከመኪናዋ ቀድሞ ነው የገባው። አባቴን ሲያይ ግን ፊቱ ላይ የነበረው የምሥራች ጠፋ። «እህቴ፣ እኔ ዕቃ የሚያወጡ መስሎኝ...» አለ።

ለመንሁት። አለቀስሁ። ዳገቱን እንደማይዘልቀው ነገርሁት። እሱም ያውቀዋል። «የተናገሩት ከሚጠፋ... የወለዱት ይጥፋ» አለኝ። የተወለድሁት እኔ መሆኔን ልብ በሉልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ተረት እከራከረው ነበር፤ ያን ቀን ግን ትከሻዬን ሰጠሁት። በማቴዎስ ትከሻና በእኔ ትከሻ ተደግፎ በካልሲው ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

የግቢው በር ተዘግቷል። እትዬ ቦጋለች ዱካዋን አምጥታ በሩ ሥር አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ለብረቱ ሰጥታ ተቀምጣለች።

«ወዴት?» አለች።

«ወይዘሮ፣ ቃል አለብኝ» አለ አባቴ።

«ቃሉን ለማን ነው የሰጠሽ?»

«ለእርስዎ።»

«ለእኔ ከሆነ የእኔ ነው። ጣልኩት!» እጇን አራገፈች። «ይቺ ሰውዬ ጨንቻ አትሄድም! ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው። ከዳነች ወደዚህ ትመጣለች። ብትሞቺም እዚሁ ሙቺ፤ ግቢው ሰፊ ነው፣ ሰው ይችላል!»

አባቴ ቆሞ አያት። ከአንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ እንኳ ስንት የሚታረም ነገር እንዳለ እኔ ጸሐፊዋ ልጁ አውቃለሁ። እሱ ግን ምንም አላረመም። አንገቱን ደፋና «እሺ» አለ፤ «እሺ፣ ይሁን።» በዚያች ዓሣ በምታመላልስ ፒክአፕ፣ እትዬ ቦጋለች ከኋላ ባዶ ሣጥኖቹ ላይ ተቀምጣ፣ ሆስፒታል ሄድን።

ኦክስጅን ተደረገለት፤ ሰውነቱ ውስጥ የተጠራቀመውን ውኃ የሚያስወጣ መድኃኒት ተሰጠው። ልጅ እግሩ ሐኪም መጥቶ ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ ብሎ የቀረውን ተወው። እኔና እትዬ ቦጋለች ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ነጠላዋ የዓሣ ቅርፊት ይዞ ያብረቀርቃል። የልቤን ጠየቅኋት፤ ያኔ ለምን ያንን ቃል አስገባችው?

«የምትኖሩበት ክፍል የባሌ ክፍል ነው» አለችኝ። «እዚያ ነው የሞተችው።» አላቋረጥኋትም። «ሰው መጣ፤ ግቢው ሞላ። ድንኳን፣ ወንበር፣ ከጫኖ፣ ከየት ከየቱ... ለቅሶውን አልፈራም ልጄ፤ ለቅሶ ጥሩ ነው። ከዚያ ድንኳኑን ፈቱ። ወንበሩን ጫኑ። ሁሉም ሄደ። ማታ በሩን ዘጋሁ፤ ግቢው ዝም አለ። እሱን ነው የፈራሁ። ሁለተኛ እንደዚያ ዝም እንዲልብኝ አልፈለግሁም።»

ምን ይባላል? ሰው የሚፈራውን ነገር ሲነግራችሁ ብዙ ጊዜ የሚነግራችሁ የጎረቤቱን ፍርሃት ነው። ሁሉም ድንኳን ይፈራል፤ እሷም እንደ ሁሉም ድንኳን የምትፈራ መስሎኝ ነበር። ስንቱን አከራይ ስንት ነገር ጠርጥሬ እንደወጣሁ ቆጠርሁ። ወንድም የፈጠሩት የሴቻው ሰውዬ ራሳቸው ምን ፈርተው እንደፈጠሩት ማን ያውቃል? ጠይቄያቸው አላውቅም። እሳቸው ናቸው የሚጠይቁት።

አባቴ ዳነ። ዳነ ስላችሁ ልቡ አዲስ ሆነ ማለቴ አይደለም፤ ደክሞ ይመታል፤ እንክብሉን በመዳፍ ሙሉ ይውጣል። ግን አለ። እትዬ ቦጋለች ሲመለስ በር ላይ እልል አለች። ዓመቱ ሲዞር ደግሞ ኪራይ ጨመረች። ደንግጬ ሳያት «ፍቅር ሌላ፣ ኪራይ ሌላ» አለችኝ። ትክክል ናት፤ ከፈልሁ።

በቅርቡ ከተደረደሩት ክፍሎች አንዱ ተለቀቀ። ማቴዎስ አንዲት ልጅ እግር ሴት ይዞ መጣ፤ ሕፃን አዝላለች፤ ባሏ ጫሞ ላይ ዓሣ አጥማጅ ነው። እትዬ ቦጋለች ማንጎው ሥር ሆና የተለመደውን ጥያቄዋን ጠየቀች፤ ልጅቷም መለሰች። እትዬ ልትስማማ አፏን ስትከፍት አባቴ ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ወይዘሮ ቦጋለች፣ ሕፃን እኮ ነው» አለ። «ሕፃን ያለቅሳል። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ የልብ በሽተኛ አለ። ዕረፍት ያስፈልጋል።»

በምድር ላይ ያሉ ዓይኖች ሁሉ ወደ አባቴ የዞሩ መሰለኝ። ማቴዎስ እኔን አየኝ፤ እኔ ማቴዎስን ላለማየት ጫማዬን አየሁ። በየሰው በር ከተመለሰ ሰው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ሲወጣ ምን ይባላል? ቤት ያላገኘ ሰው እግዚአብሔርን ይለምናል፤ ያገኘ ሰው ወዲያው በረኛ ይሆናል።

«አያለቅስም፣ አባባ» አለች ልጅቷ ቶሎ ብላ። «ዝምተኛ ልጅ ነው።»

ልጁ ግን ከእናቱ ጋር አልተማከረም ነበር፤ በዚያው ቅጽበት ለቀቀው። እትዬ ቦጋለች በሳቅ ፈርሳ ቁልፉን ከጉያዋ አወጣችና ለልጅቷ ሰጠቻት። አባቴን አላስፈቀደችውም።

ይኸው አብረን ነን። ልጁ ያለቅሳል፤ አባቴ ያማርራል። ትናንት ማቴዎስ መንገድ ላይ አስቆመኝና አባቴ በድብቅ ደውሎለት እንደነበር ነገረኝ፤ ጸጥ ያለ ቤት እንዲፈልግለት።

«እና ምን አደረግህ?» አልሁት ደንግጬ።

«ፈልጌ አገኘሁላቸዋ! ሥራዬ አይደል? ሴቻ ላይ፣ ወፍ እንኳ የማይጮኽበት ቤት። ሰኞ ይመልከቱት አልኳቸው፤ ረቡዕ አሉኝ። ረቡዕ ስደውል ዓርብ አሉኝ። ዛሬ ባጃጅ ይዤ በሩ ድረስ ብሄድላቸው...» ማቴዎስ ሁለቱንም ስልኮቹን ኪሱ ከተተና አንገቱን ነቀነቀ። «‹ልጁ ጉንፋን ይዞታል፤ ሌሊቱን ሲያስል ነው ያደረው። እሱ ይሻለውና እናያለን› ብለው መለሱኝ።»